ከጎን የታየ ፊት፣ ሁለት ዓይን

መካነ ሰላም ሥራ የጀመርኩ ዕለት ርዕሰ መምህሩ አቶ ሰይድ አንድ ፓኮ ጠመኔና አንድ ዳስተር አስረከቡኝ። «ሥዕል ነው የተማርከው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እሰይ! እንግዲያው ስፖርቱንም ሙዚቃውንም አንተው ትይዛለህ።» ሙዚቃ እንደማላውቅ ብነግራቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አብሽር፣ ማጨብጨብ አያቅትህም» አሉና ወደ ክፍል ሸኙኝ።

የመጀመሪያ ትምህርቴ ገንቦ ነበር። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ገንቦ ሣልኩና «ደብተራችሁ ላይ ሣሉ» አልኩ። ዘወር ስል የኮቴ እጅጌ የገንቦውን ሆድ ነካው፤ ጠመኔው ተፈገፈገና ነጭ ጭረት ወጣ። ደብተር ሰብስቤ ሳይ ክፍሉ በሙሉ ጭረቱን ሥሎታል። እንዲያውም አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ጭረቱን ላወፍረው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቤቷ ሁለትና ሦስት ገንቦ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ለሒሳቡ መምህር ባወራው «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብሎ ሳቀብኝ፤ በዚያው ሳምንት ክፍለ ጊዜዬን ለማካካሻ ወሰደብኝ።

የሥዕል መምህር ኑሮ እንዲህ ነው። ክፍለ ጊዜህ የጋራ ግጦሽ ነው፤ የጎደለበት ሁሉ ይሰማራበታል። ለወላጆች በዓል ሲሆን ግን ሁሉም ያስታውስሃል። መጋረጃውን ሣል፣ መፈክሩን ጻፍ፣ የትምህርት ቤቱን ስም በር ላይ አድስ ይሉሃል። እኔም አልከፋኝም። ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቼ ደረጃዬን እየቆጠርኩ ከፍተኛ መምህር እስክባል ድረስ ሰሌዳ ላይ ሣልኩ፤ ልጆቹም ገለበጡ። የተማርኩትም በዚሁ መንገድ ነበር።

ዘነቡ የመጣችው ያኔ ነው። የወግዲ ገበሬ ልጅ ናት። እዚያው ወግዲ አስተምራ፣ በትምህርት ፈቃድ ወጥታ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነበር። ጥናቷ ልጆች ሥዕልን በየትኛው የማስተማሪያ ዘዴ የተሻለ ይማራሉ የሚል ነው። «ለዚህም ዲግሪ ይሰጣል?» ብዬ ቀለድኩባት። «ጋሼ፣ የርስዎን ሰሌዳ ያየ ሰው ዶክትሬትም ያንሰዋል ይላል» አለችኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድኳት።

የተያዘላት ነገር ነበር። አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የሥዕል አሠልጣኝ ይፈልጋል፤ እስከ ሐምሌ ዲግሪዋን ይዛ ከቀረበች ቦታው የእሷ ነው። ካልቀረበች ለሌላ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ቦታ በኛ ሙያ በስንት ዘመን አንዴ ነው የሚገኘው። ዘነቡ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ጀምራ የምትመኘው ሥራ እንደሆነ ራሷ ነግራኛለች።

ሥራውን እንዲህ ከፈልነው። ሰባተኛ «ሀ»ን እኔ እንደ ወትሮዬ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምራለሁ። ሰባተኛ «ለ»ን እሷ በራሷ ዘዴ ታስተምራለች። በመጨረሻ ሁለቱም ክፍሎች አንድ ዓይነት ፈተና ይሣሉና ውጤታቸው ይነጻጸራል።

የእሷን ክፍል በመስኮት ማየት ልማዴ ሆነ። አንድ ቀን የሽንኩርት ክምር ጠረጴዛ ላይ አፈሰሰች። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ሽንኩርት ወሰደ። መጀመሪያ እርሳስ መንካት ክልክል ነው፤ እጅ ወደ ኋላ ታጥፎ ሽንኩርቱን ማየት ብቻ። ከዚያ ባረጀ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ በከሰል ሣሉ። ሲጨርሱ ሽንኩርቱ ሁሉ ወደ ክምሩ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ደግሞ ለጎረቤት ተሰጠ። ጎረቤት ሥዕሉን ብቻ አይቶ የተሣለውን ሽንኩርት ከክምሩ መካከል ፈልጎ ማውጣት አለበት። «ይሄ አይደለም፣ ይሄ ሥሩ ወደ ቀኝ ነው!» እያሉ ሲከራከሩ ድምፃቸው እስከ ቢሮ ይሰማ ነበር። ሽንኩርት ከሽንኩርት ይለያሉ! እኔ በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አላስተማርኩም፤ ቀናሁባትም፣ ኮራሁባትም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆኑ። አንዱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ይቀመጣል፤ ሌላው ከጎኑ ሆኖ ፊቱን ይሥላል። ሥዕሎቹን ያረሙት ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡ ሁለት መምህራን ናቸው፤ የትኛው ሥዕል ከየትኛው ክፍል እንደሆነ አያውቁም። መመዘኛውን ያዘጋጀችው ዘነቡ ናት። ዋናው ነጥብ «ከተቀመጠበት ቦታ የሚታየውን ብቻ ሥሏል ወይ?» የሚል ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ዘነቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ልዩነት የለም። ሥዕሎቹን ስናገላብጥ ምክንያቱ ታየን፤ አፍንጫው ከጎን ነው፣ ከንፈሩ ከጎን ነው፣ ጆሮው በቦታው ነው፣ ዓይኑ ግን ሁለት ነው። እንደ «ሀ»ዎቹ ሁሉ «ለ» ክፍል ውስጥም ግማሽ የሚሆኑት እንዲህ ሥለዋል። አራሚዎቹም በመመዘኛው መሠረት ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥተዋቸዋል። ውጤቱን እንዳለ ከጻፈችው፣ ያ ሁሉ ሽንኩርት ከንቱ ነበር ማለት ነው።

ለአማካሪዋ ደወለች። እኔም እንድሰማ ስልኩን ጮክ አደረገችው። አማካሪዋ ጨዋ ሰው ነው፤ ረጋ ብሎ ነው የሚናገር። «ባለ ሁለት ዓይኖቹን አውጫቸው። መመሪያውን ያልተከተለ ተማሪ ከስሌት ውጭ ይሆናል፣ ያለ ነው። የቀሩትን አነጻጽሪና ጨርሺ፤ ሐምሌ ደርሶብሻል።»

«ለምን እንዳልተከተሉ ሳላውቅ?» አለችው።

«እሱ ሌላ ጥናት ነው፣ ዘነቡ።»

እኔም አማካሪሽን ስሚ አልኳት። አቶ ሰይድም «ኸይር ነው እህቴ፣ ጨርሰሽ ዲግሪሽን ያዢ፤ ለዓይን ጉዳይ ሐኪም አለ» አሉ። ዘነቡ ፈገግ እንኳ አላለችም። «ሽንኩርት ከሽንኩርት የለየች ልጅ፣ የጓደኛዋ ስንት ዓይን እንደሚታይ ጠፍቷት ነው?» አለችን።

በማግስቱ ሥዕሎቹን ይዛ «ለ» ክፍል ገባች፤ እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። ለምን ተሳሳታችሁ አላለችም። ለየባለቤቱ መለሰችና መካከላቸው ወንበር ይዛ «እስቲ ስለ ሥዕላችሁ አጫውቱኝ» አለች። ከክፍሉ ሁሉ እጇ የሚያምር ትርንጎ የምትባል የመሪጌታ ልጅ አለች፤ ዘነቡ ወደ እሷ ዞረች።

«ትርንጎ፣ ከተቀመጥሽበት ስንት ዓይኗ ይታይሽ ነበር?»

«አንድ።»

«ታዲያ?»

ትርንጎ አጠገቧ ያለችውን ጓደኛዋን አየት አደረገቻትና አቀረቀረች። «ታዲያማ አንድ ዓይን ላድርጋት? ምን አድርጋኝ?»

ክፍሉ «እውነቷን ነው!» ብሎ ተንጫጫ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ቤተ ክርስቲያን ባለ አንድ ዓይን ማን እንደሆነ አላዩም?» አለ። እኔ ግን ያን ጊዜ ገባኝና ጭንቅላቴን ያዝኩ።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንብ አለው። ጻድቅና መልአክ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ጭፍሮችና ሰይጣን ግን ከጎን ነው የሚሣሉት፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ይህን ማንም ሳያስተምረው ከእናቱ ጀርባ ሆኖ ግድግዳውን እያየ ነው የሚያውቀው። እኛ ደግሞ «ጓደኛህን ከጎን ሆነህ ሣል» ብለን ፈተንነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘነቡ ግድግዳውን በዓይኗ ልታይ ፈለገች፤ አብሬያት ሄድኩ። የትርንጎ አባት መሪጌታ ተቀብለው አስጎበኙን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቱ መምህር፣ ባለፈው ልጄ መጥታ ‹ጓደኛችሁን ይሁዳ አድርጋችሁ ሣሉ ተባልን› ብላ ነገረችኝ። የዘንድሮው ትምህርት እንግዲህ እንጃ ብዬ ዝም አልኩ» አሉ። ዘነቡ እዚያው አጸዱ ውስጥ እስክትንፈራፈር ሳቀች። በዚያ ሳምንት የሳቀችው ያን ብቻ ነው።

ምክንያቱ ከታወቀ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አማካሪዋም ደስ አለው፤ «በግርጌ ማስታወሻ ጻፊውና አውጫቸው፣ አሁን ምክንያትም አለሽ» አላት። አይሆንም አለች። «የሚወጡት ልጆች ለጓደኛ የሚሳሱት ናቸው። የሚቀሩልኝ ዘዴዬን ጥሩ የሚያስመስሉልኝ ብቻ ይሆናሉ» አለች። እንግዲያው ድጋሚ ፈትኛቸው አልኳት። እሱም አይሆንም፤ «ከተጨዋወትን በኋላ ልጆቹ የሚሥሉት ያዩትን ሳይሆን እኔን ደስ የሚያሰኘውን ነው» አለችኝ። ሌላ ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ሌላ ፈተና አዘጋጅታ፣ ጥናቱን ከሥሩ መጀመር አለባት። ያ ማለት ሐምሌ ያልፋታል፣ ቦታውም ይሄዳል።

ተናደድኩባት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንቺ ግን ሳትቸኩይ ልታፈሺው ነው» ብዬ ጮህኩባት። የመምህራን ማረፊያው ውስጥ ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻታለሁ። አልቅሳ ስትጨርስ ፊቷን ታጠበችና ከላላ ወረዳ ላለ ትምህርት ቤት የትብብር ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ አቶ ሰይድን ይጠይቁልኝ አለችኝ።

ቦታው በሐምሌ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ዘነቡ በመስከረም ከላላ ወረደች።

አዲሱ ፈተና ጓደኛን ከጀርባ ሆኖ መሣል ነበር። ከጀርባ ደግሞ ሹሩባ አለ፣ የነጠላ እጥፋት አለ፣ የአንገት ዘንበል ማለት አለ፤ ማንም ከጀርባ ታይቶ ይሁዳ አይሆንም። ግን ከመጀመሯ በፊት ልጆቹን ሰብስባ «ሰውን ከጀርባ መሣል ነውር አለው?» ብላ ጠየቀች። የለውም አሏት። ከዚያ በኋላ ነው፣ እንደ መካነ ሰላሙ አንዱ ክፍል ሰሌዳ እየገለበጠ፣ ሌላው በእሷ ዘዴ እየተማረ፣ ሥራውን የጀመረችው። አንድ የገበያ ቀን ልጠይቃት ሄጄ ሥዕሎቹን አሳየችኝ። ሰሌዳ ሲገለብጡ የከረሙት ልጆች ጀርባ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የእሷ ልጆች ሥዕል ላይ ግን የማን ሹሩባ በእናት፣ የማን በእህት እንደተሠራ ሳይቀር ይለያል። የኔ ዘዴ ተሸነፈ። እንደዚያ ቀን በመሸነፌ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄድኩ። የከላላውን ውጤት አቀረበች፤ ማንም አልተከራከራትም። የመካነ ሰላሙንም ሳትደብቅ፣ አንድም ልጅ ሳታወጣ አቀረበች። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ሽበታም ሰው፣ የትርንጎን ሥዕል ከጽሑፉ ውስጥ ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ይህን ስንት ሰጠሽው?»

«ከዐሥር ሁለት፣ በመጀመሪያው መመዘኛዬ።»

«ዛሬስ ስንት ትሰጭዋለሽ?»

«ልጅቷ አንድ ዓይን እንዳየች ነግራኛለች፤ ለጓደኛዋ ክብር ብላ ሁለተኛውን ጨመረችላት። የእሷ ሙሉ ነው። ከዐሥር ሁለቱ የእኔ ውጤት ነው፤ ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ቀድሞ የተናገረው አማካሪዋ ነበር። «አውጫቸው ያልኳት እኔ ነኝ፤ ይመዝገብልኝ» አለ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አላፈርኩም።

ያ የኮሌጅ ቦታ ድጋሚ አልተገኘም። ዘነቡ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ወግዲ ተመልሳ ሰባተኛ ክፍል ታስተምራለች። ትቆጫለሽ ወይ ብዬ አንዴ ጠይቄያታለሁ። «ቦታው ይቆጨኛል፤ ያደረግሁት አይቆጨኝም» አለችኝ።

ለምትከተሉን የሥዕል መምህራን የምለው አንድ ነገር ነው። ተማሪ ካዘዛችሁት ውጭ ሲሥል፣ ከማረማችሁ በፊት ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ጠይቁት።