ባለቤቴ ያሳደገችው ኮሸሽላ

ባለፈው ሳምንት ወደ ዶራሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ከአገር ቤት ድርቆሽ ጭኖ የመጣ ከባድ መኪና ጎማው ፈንድቶ ቆሞ ነበር። ለሾፌሩ ውሃ ልስጠው ብዬ ስጠጋ ሸራው በአንድ በኩል ተገልጦ አየሁ። የድርቆሹ ሽታ ፊቴን መታኝ። ዝናብ የነካው፣ ትንሽ ሻገት ያለ ሣር ነው። እጄን ሰድጄ ጨበጥ ሳደርገው አንድ ነገር አውራ ጣቴን ወጋኝ። ሳወጣው የኮሸሽላ ራስ ነው፤ ደርቋል፣ ሐምራዊው ቀለሙ ገለባ መስሏል።

«አባባ፣ እሾህ እኮ ነው! ይጣሉት» አለኝ ሾፌሩ እየሳቀ።

አልጣልኩትም። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ፀሐይ የመታኝ መስሎት የሰጠሁትን ውሃ መልሶ እኔኑ አጠጣኝ።

እኔ እዚሁ ጅቡቲ የተወለድኩ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ከጨውና ከድንጋይ በቀር የማውቀው መሬት አልነበረም። ኮሸሽላ የሚባለውን ነገር ያወቅሁት በባለቤቴ ነው። ከደጋ በባቡር ያመጡልኝ ጊዜ እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ ሃያ ሦስት ዓመታችን ነበር፤ ወደብ ላይ ጭነት አወርዳለሁ። ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣና እናቷ ጭድ ጠቅጥቃ የሰፋችላትን ትራስ ነው። ቤታችን ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ውስጥ የጣውላና የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ግቢዋ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ቢዘረጋባት ትሞላለች።

ትራሱ ገና በወሩ ተተረተረ። ጭዱን የእጣቢ ውሃ ከሚፈስበት ግድግዳ ሥር አራገፈችው። የብርዱ ወር ሲገባ ከዚያ ላይ አንድ ቅጠል ብቅ አለ፤ ዙሪያውን እሾህ የሆነ፣ ሆዱ ነጣ ያለ። ልነቅለው ጎንበስ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተው! የኛ አገር ነው።»

«እሾህ ነው እኮ።»

«ቢሆንስ? አንተስ መቼ ለስላሳ ሆንክ?»

እንደ ልጅ አሳደገችው ብል ውሸት አይደለም። ውሃ የምናመጣው ከቦኖ ተሰልፈን ነው፤ ስለዚህ ሩዝ ያጠበችበትን ውሃ አጠራቅማ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ቅጠሉን ሳትነካ ሥሩ ላይ ብቻ ታንቆረቁርለታለች። አፈሩ ላይ ነጭ ጨው ሲወጣ በማንኪያ ትፍቃለች። የከረመውን ቅጠል በከሰል መቆንጠጫ ታነሳለች። ኻምሲን የሚባለው የበጋ ንፋስ እሳት ይዞ ሲመጣ ደግሞ አራት እንጨት ተክላ ጆንያ ትወጥርለታለች፤ ጆንያውን ውሃ ታርከፈክፍበታለች። እኔ ከሥራ መጥቼ ላቤ ሲንጠባጠብ ለእኔ ጥላ የለም፣ ለእሾሁ አለ።

ሶማሌዋ ጎረቤታችን አማርኛዋን ከባቡር ሠራተኞች ሰፈር የለቀመች ነበረች። አንድ ቀን ፍየሏ አጥራችንን ሾልካ ገብታ ቅጠሉን ስትቀነጥስ፣ ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ እስከ መንገድ አባረረቻት።

«አንቺ ሀበሻ! ለእሾህ ብለሽ ፍየሌን ትመቻለሽ?»

«የኔን እሾህ በልታ የምትሰጠውን ወተት ለኔም ላኪልኛ!»

«ዋላሂ፣ አብደሻል!» አለችና ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ማታውኑ ወተቱ በጣሳ መጣ።

ወደብ ላይም ወሬው ደርሶ ነበር። አለቃችን «አዳም የተረገመበትን እሾህና አሜከላ አንተ ቤት ውሃ ያጠጡታል አሉ» ይለኛል። እስቃለሁ፤ ግን ያናድደኛል።

በሁለተኛው ዓመት አበበ። ጡጫ የሚያህል ክብ፣ ሐምራዊ ነገር። ንብ በማይታይበት ሰፈር ከየት እንደመጡ እንጃ ሦስት አራት ንቦች ከበቡት። «ና አሽትት» አለችኝ። ብዙም አይሸትም፤ የማር ጣሳ ታጥቦ የሚተርፈው ዓይነት ሽታ አለው። ያን ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ነበር።

ልጁ የተወለደው እኔ ወደብ ላይ ከመርከብ ጭነት ሳወርድ ነው። ስመጣ አዋላጇ፣ እዚያው ሰፈር ያሉ አሮጊት፣ በር ላይ ቆመው «ወንድ ነው፤ እግርህን ታጠብና ግባ» አሉኝ። ከዚያ በፊት ምን እንደተደረገ አልጠየቅኩም። የሴቶች ጉዳይ ነው፤ ወንድ አይጠይቅም።

ሠላሳ አንድ ቀን ኖረ። በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ስንነሳ ቀዝቅዞ አገኘነው።

ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው። ዘጠኝ ቀን ጎደለው። ቄሱ ያልተጠመቀ ፍታት የለውም አሉ፤ ከመቃብሩ አጥር ውጪ፣ ምልክት በሌለበት ቦታ ቀበርነው። ከዓመት በኋላ ያንን ቦታ መንገድ ጠረጉበት፤ ዛሬ የት እንደነበር ማሳየት አልችልም።

ከቀብር ስንመለስ ለባለቤቴ አንድ ነገር ተናገርኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ስለሱ በዚህ ቤት አይነሳ። ስምም አልወጣለት፤ እንዳልነበረ ነው።» እንደዚያ ብል ቶሎ የሚሽር መስሎኝ ነው። ወጣት ነበርኩ፤ ግትር ነኝ፣ ያን ጊዜም ዛሬም።

አላነሳችም። ግን ኮሸሽላው ዘንድ መዋል አበዛች። እህል አትበላም፣ ለእሱ ውሃ ትሸከማለች። ሥሩ ቁጢጥ ብላ ትውላለች፣ ቅጠሉን በጣቷ ትነካለች፣ ሲወጋት እጇን አትስብም። አገሯ ናፍቋት ነው አልኩ፤ ይሄ እሾህ ነው የሚያስለቅሳት። አለቃዬም «ሴት ስታዝን ቤቱን አድስላት» አለኝ። ወደብ ላይ ከተቀደዱ ከረጢቶች የሚፈሰውን ሲሚንቶ ጠርገን እንድንወስድ ይፈቅዱልን ነበርና አጠራቀምኩ።

አንድ እሑድ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር አንዲት ያገሯ ልጅ ታማባት ልትጠይቃት ሄደች። ወዲያው ኮሸሽላውን በመጥረቢያ ቆረጥኩት፤ ሥሩን ነቅዬ ውጭ ጣልኩት። አፈሩን ጠቀጠቅሁና ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ አለበስኩት፤ በጣውላ ልክክ አድርጌ ደመደምኩት። አቧራ የለ፣ ጭቃ የለ። ኮራሁ። ደስ ይላታል ብዬ ጠበቅኋት።

መጥታ በር ላይ ቆመች። ኮሸሽላው ወደነበረበት ማዕዘን ዓይኗን ላከች። ጫማዋን አወለቀች፤ እየሰመጠች ሄደችና ተንበርክካ ሲሚንቶውን በእጇ መቆፈር ጀመረች። ገና አልደረቀም ነበር። ከኋላ ሄጄ ወገቧን ይዤ አነሳኋት።

«ልፋቴን ታበላሺብኛለሽ እንዴ!»

«ልቀቀኝ! በናትህ ልቀቀኝ!»

አልለቀቅኋትም። ቤት አስገብቼ በሩን በጀርባዬ ያዝኩት። እስኪመሽ ጮኸች። የኛ አገር ፀሐይ ሲሚንቶ ለማድረቅ ብዙ ጊዜ አይፈልግም።

በማግሥቱ አዋላጇ መጡ፤ እዚያ ማዕዘን ሲደርሱ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አደረግህ?»

«ምን አደረግሁ?»

«የልጅህን እንግዴ ልጅ እዚያ ነው የቀበርነው፤ እትብቱም ሲወድቅ እዚያው ነው የገባ። ውሻ እንዳይቆፍረው፣ እግር እንዳይረግጠው፣ ከእሾሁ ሥር ይሁን ያለችኝ እሷ ናት።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«አፏን ዘግተህባት በምን ትንገርህ?»

ሮጬ ከጎረቤት መዶሻ ተዋስኩ። ላነሳው ስል ባለቤቴ ከቤት ወጣች፤ ድምፅዋ ከለቅሶው ብዛት ጎርንኖ ነበር።

«ደግሞ በመዶሻ ልትመታው ነው?»

መዶሻውን መለስኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሴት ልጆች ወለድን። ባለቤቴ ያንን ማዕዘን ረግጣው አታውቅም፤ ልብስ ስታሰጣ እንኳ ዞራ ነበር የምታልፈው። ሴቶች ልጆቻችንም እሷን እያዩ ዞረው ያልፋሉ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁም፣ እኛም አልነገርናቸው። አብረን አረጀን። ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ከሰዓት ሙቀቱ በርዶ በር ላይ ስንቀመጥ ስለ ልጁ ላነሳ አፌን ከፈት አደርግና ስለ ቦኖው ውሃ፣ ስለ መብራት መጥፋት አወራ ነበር። እሷም ትመልስልኝ ነበር።

ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። አዋላጇም፣ ሶማሌዋም ከእሷ በፊት ሄደዋል። ዛሬ ስለዚያ ልጅ ለማንም ባወራ የሚከለክለኝ የለም፤ እሱን ያየ ሰው ግን ከኔ በቀር አልቀረም። እኔም ጠዋት ወጥቼ ማታ እየገባሁ ሠላሳ አንድ ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ዓይኑ የማን እንደነበር፣ ሲያለቅስ ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው ጠፍቶብኛል። እሷ ታውቅ ነበር። አርባ ምናምን ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ ታውቅ ነበር፤ አልጠየቅኋትም።