ቋት ውስጥ የቀረው አምስት ሰዓት

ያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የተጻፈው ለእኔ አልነበረም፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

ከደብረ ታቦር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ጤና ጣቢያ አለ። እዚያ የክትባት ፍሪጁን ሙቀት በየአሥር ደቂቃው የሚመዘግብ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፍሪጁ ጎን የተቀመጠች ትንሽ ኮምፒውተር ሙቀቱን እያነበበች ፋይል ላይ ታሰፍራለች። የክትባት ክፍሉን የሚይዙት ነርስ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ ሴት ናቸው። ኮምፒውተሯ ከመጣች በኋላም በእጃቸው መመዝገቡን አልተዉም ነበር።

አንድ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ አሥር ሰዓት ላይ ተመለሰ። ፍሪጁ ቅዝቃዜውን እንደያዘ ቆየ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ በማግስቱ ፋይሉን ሲከፍት ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት አንድም ቁጥር አላገኘም።

"መሣሪያውን ነቅለሽ የት ሄደሽ ነው?" አላቸው። ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው ነው እኒያን ሴት አንቺ የሚላቸው።

"የትም አልሄድሁም። መብራት የጠፋው ስምንት ሰዓት ነው። ይኸው መዝገቤ።"

"መዝገብማ ተቀምጦ ይሞላል። ኮምፒውተር አይዋሽም።"

ደብዳቤው ተጻፈባቸው። ክትባቱም ተበላሽቷል ተብሎ እንዲወገድ ታዘዘ። ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ ቀበሌ በእግር የመጡ እናቶች "ሌላ ጊዜ ኑ" ተብለው ተመለሱ።

ነርሷ ስልክ ሲደውሉልኝ እንኳ አልወቀሱኝም። "ልጄ፣ ያቺ መሣሪያህ ምን ነካት?" ነው ያሉኝ።

ኮዴን ከፍቼ ሳየው አፈርኩ። በሲ ፋይል ላይ የጻፉት ነገር ወዲያው የማስታወሻ ካርዱ ላይ አያርፍም፤ መጀመሪያ ቋት በሚባል፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋ ጊዜያዊ ማከማቻ ውስጥ ይጠራቀማል። ቋቱ መቼ ወደ ካርዱ እንደሚገለበጥ ሴትቪባፍ በሚባል ትእዛዝ መወሰን ይቻላል፦ ያለ ምንም ቋት፣ መስመር ባለቀ ቁጥር ወይም ቋቱ ሲሞላ። እኔ ካርዱ በየጊዜው እየተጻፈበት ቶሎ እንዳያረጅ ብዬ የመጨረሻውን መርጬ ነበር። መብራቱ ሲጠፋ የአምስት ሰዓት ልኬት ቋቱ ውስጥ እንዳለ ጠፋ።

በነጋታው ኃላፊው ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ነገርኩት።

"ደብዳቤው እኮ ወጥቷል፤ ግልባጩም ወደ በላይ አካል ሄዷል" አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። ያንኑ ፕሮግራም የጫንኩበትን ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ሰካሁ። ልኬቱን በየሰከንዱ አድርጌ ሁለት ደቂቃ ያህል አስኬድኩትና ገመዱን ነቀልኩ። መልሼ ስከፍተው ፋይሉ ባዶ ነው። መስመር ባለቀ ቁጥር እንዲገለበጥ ቀየርኩት፤ ካርዱ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጥ ትእዛዝም ጨመርኩ። እንደገና ነቀልኩ። አሁን ቁጥሮቹ ተደርድረው ተገኙ።

"እንግዲህ የሲስተም ችግር ነው" አለ።

"የሲስተም አይደለም፣ የእኔ ነው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ደብዳቤውን ያንሱላቸው።"

ሦስት ሳምንት አመላለሰኝ። በመጨረሻ "በቴክኒክ ችግር ምክንያት ተነስቷል" የሚል ሁለት መስመር ጻፈላቸው። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም። ነርሷ አንብበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"አዲሱ ክትባትስ መጥቷል፤ የቀሩት እናቶቹ ናቸው" አሉኝ።

ዳግም ካልመጡት እናቶች አብዛኞቹን ነርሷ ቤት ለቤት እየሄዱ ፈለጓቸው። አንድ ቅዳሜ እኔም የክትባት ሳጥኑን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። አንዲት እናት ልጇን እንዳቀፈች ደጃፏ ላይ ቆማ፣ "ያኔ ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ ለምን መለሳችሁኝ?" አለች።

ነርሷ ሳጥኑን ከእጄ ተቀብለው መክፈት ጀመሩ። ስሜን ሊያነሱብኝ አልፈለጉም።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝና የልጇን ክንድ ገልጣ ለነርሷ ሰጠቻቸው።