ሁለት የግራ ጓንት

ማክሰኞ ማክሰኞ የወደቡ ከተማ ሴቶች ሹራብ የሚሠሩበት የቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ፣ ዛሬ አንድ የማያውቋቸው አዛውንት ተቀምጠዋል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ዶሪን ስማቸውን አልጠየቀችም። ትናንት የጉንፋን ክትባት መወጋታቸውን ግን ነግረዋታል፤ እንዳንገላታቸውም ያስታውቃል። ብርድ ብርድ ስለሚላቸው ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ የተወጉበትን የግራ ክንዳቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ የሹራብ መርፌዎቹን በጣቶቻቸው ጫፍ ብቻ ያንቀሳቅሳሉ።

«አባባ፣ ዛሬ እንኳ ተኝተው ቢውሉ ምን አለበት?» አለቻቸው።

«ስተኛ ይብስብኛል ልጄ። ይሄ ይሻለኛል።»

እኩለ ቀን ላይ የሚሠሩትን ጓንት ጨረሱና ከኪሳቸው ካወጡት አረንጓዴ የሱፍ ጓንት ጎን አስቀመጡት። የሁለቱም አውራ ጣት በአንድ በኩል ነው።

«ሁለቱም የግራ!» አለች ከሹራብ ሠሪዎቹ አንዷ ዊኒፍሬድ እየሳቀች። «ለማን ነው? ሁለት ግራ እጅ ላለው?»

በዚያ ጠረጴዛ የራሱን ስሕተት የሚተረትር የለም፤ ጎረቤቱ ነው የሚተረትርለት። ዶሪን እጇን ዘረጋች። «ይስጡኝ፣ እኔ ልተርትርልዎ።»

አዛውንቱ ጓንቱን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ተይው። ከኪሴ ያወጣሁትን የሠራችው ባለቤቴ ናት። ቀኙን ሳትጀምር ሞተች። የሷን እያየሁ፣ አንዲት ቋጠሮ ሳላዛንፍ ልክ እንደሷ ልሥራ አልኩ። ይኸው፣ ልክ እንደሷ ሠራሁ።»

ዊኒፍሬድ ሳቋን ዋጠች።

እሳቸው ሁለቱንም አጠለቁ። በቀኝ እጃቸው ያጠለቁት ጓንት አውራ ጣት ተጣመመ። ከዚያ የሚያማቸውን ክንድ ቀስ ብለው አነሡና፣ የሷን ጓንት ባጠለቀው እጃቸው የራሳቸውን ጓንት ያጠለቀውን እጅ ይዘው ወደ ውጭው በረዶ ወጡ።