የዘይነባ ባለ ጥቁር ራስ በግ

እዚሁ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ሰሞኑን ጮክ ብላ ስታጠና ሰማኋት። ስለ አሳማ! የፈረንጅ አሳማ ከቻይና አሳማ ጋር ተዳቅሎ እንዴት እንደበረታ፣ ዘሩ በአንድ ቤት ታጥሮ ሲጠብ ደግሞ እንዴት እንደሚደክም ታነባለች። እናቷ ከጓዳ፣ «ሱብሃነላህ! የሚጠና እንስሳ ጠፍቶ ነው?» ብላ ጮኸች። እኔ ግን «ቀጥይ» አልኳት። አሳማ አርብቼ አላውቅም፤ ነገሩን ግን አውቀዋለሁ።

ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። ፊደል የቆጠርኩት ጺም አብቅዬ፣ ልጅ ወልጄ ነው። እስከዚያ ድረስ ወረቀት እያስፈረመ ያታለለኝን ሰው ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ይቅርም አላልኩትም። ለታላቅ እህቴ ለዘይነባ ግን ምስጋና አይበዛባትም። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች «አዴ»፣ እናቴ፣ ነው የምላት።

ያኔ ገና ሚስት ያላገባሁ ጎረምሳ ነበርኩ። አዴ ባሏ ሞቶባት ከጎባ በላይ ካለው ቀበሌ ከልጆቿና ከእኔ ጋር ትኖራለች። መተዳደሪያዋ ባሏ የተወላት በጎች ናቸው፤ ነጫጭ፣ ላታቸው እንደ ሰፌድ የሰፋ፣ ጎባ ገበያ ሲገቡ ሰው ዞሮ የሚያያቸው። የባሏ ታላቅ ወንድም ኦቦ ቃሲም፣ «የወንድሜ ዘር ነው፣ የባዕድ አውራ አይገባበትም» ብሎ ስለማለ፣ ከዚያው መንጋ የተወለደ ያማረ ወንድ እየተመረጠ ለአውራነት ይቀራል። ሙት ያከበረ መስሎት! በኋላ ግልገሎቹ የታችኛው መንጋጋቸው አጥሮ፣ ጡት መያዝ እያቃታቸው ይወለዱ ጀመር። «ዓይን ነው» ተባለ። ክታብ ታሰረላቸው። ከነክታባቸው ሞቱ። አንድ ዓመት እንዲህ ከቀጠለ አዴ ቤቷን ዘግታ፣ ልጆቿን ለዘመድ በትና፣ ሰው ቤት ልትቀጠር ነበር።

በዚያው ሰሞን ለኦቦ ቃሲም ወንድ ልጅ ሚስት ሊታጭለት ሽማግሌዎች አዴ ቤት ተሰበሰቡ። በእኛ ደንብ የልጁና የልጅቷ አባቶች እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራሉ፤ ዘራቸው ከተገናኘ ጋብቻ የለም። ሽማግሌዎቹ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኳቸውን እየበሉ፣ ቅቤው በጣታቸው እየወረደ ይቆጥራሉ። አዴ የሞተ ግልገል በጨርቅ ጠቅልላ በደጅ ስታልፍ ሰማችና ቆመች። ግልገሉን እንደታቀፈች እስኪጨርሱ ድረስ አልተነቃነቀችም።

በማግስቱ ቀሰቀሰችኝ። «ተነስ፣ ሳኔቲን ተሻግረን ደሎ መና እንወርዳለን።»

«ምን ልናመጣ?»

«ሙሽራ።»

ያመጣነው ሙሽራ የሠርግ አምባሯን ሰጥታ የለወጠችው የቆላ አውራ በግ ነበር። ራሱ ከሰል፣ ገላው ነጭ፣ ጸጉሩ የተላጨ የሚመስል፣ ላት የሚባል የሌለው፣ ስቡ ሁሉ መቀመጫው ላይ። አስቀያሚ ነው ብዬ ነግሬያታለሁ። የሐረናን ጫካ ስንወጣ ዝናብ ያዘን፤ መሬቱ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። ሪራ መንደር አድረን ሳኔቲ ስንደርስ ደግሞ ውርጩ ጅብራውን አንጥቶታል። በጉ ተንቀጥቅጦ ተኛ። አዴ ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችው። እኔ ጋቢዬን ላልብሳት ብል፣ «እሱን ተሸክመህ ሂድ፣ እኔ እግር አለኝ» አለችኝ። ተሸከምኩት። ከላይ በስስ ነጠላ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ከፊት ከፊቴ ስትሄድ ትታየኛለች። ፈረስ የሚነዳ ነጋዴ አገኘንና፣ «አዴ፣ ይሄ በግ ነው ፍየል?» ብሎ ሳቀ።

«ሙሽራ ነው፤ መንገድ ልቀቅ!» አለችው።

ቤት ስንደርስ ኦቦ ቃሲም ዱላውን ይዞ በረቱ በር ላይ ቆሟል። «ይሄ ጭራ የለሽ የወንድሜ መንጋ ውስጥ አይገባም!»

አዴ በሩን አልገፋችም። «ኦቦ ቃሲም፣ ለልጅዎ እስከ ስንት አባት ቆጠሩ?»

«እስከ ሰባት ነዋ! እህቱን እንዲያገባ ነው?»

«እንግዲህ ለአውራዎም ይቁጠሩለት።»

ጣቱን ዘረጋ። «አባቱ የወንድሜ ነጩ አውራ… እናቱ…» አለና ቆመ። እናቱም የነጩ ልጅ ናት። የበጎቹን ዘር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ሁለተኛዋን ጣት ማጠፍ አቃተው። ዱላውን ዝቅ አደረገና ከበሩ ዞር አለ።

«አስገቢው» አለ። «በብርድ ሲሞት ግን ወላሂ ሬሳውን አልነካም!»

በልግ ሲገባ የተወለዱት ግልገሎች ጆሯቸውና አፍንጫቸው ላይ ጥቁር ጠብ ጠብ ያለባቸው ነበሩ። ገና ሳይደርቁ ተነስተው ጡት ያዙ። ላታቸው እንደ ድሮው አልሰፋም፤ ገበያ ላይም ተሳቀባቸው። አዴ ግን የማንም ቤት አልተቀጠረችም፤ ልጆቿም አልተበተኑም። ባለ ጥቁር ራሱ አውራ ግን ሁለተኛውን ክረምት አልዘለቀም፤ ብርዱ ገደለው። ጠዋት ስንነሳ ኦቦ ቃሲም በዝናብ ውስጥ ጉድጓድ ሲቆፍር አገኘነው። ማንም መሐላውን አላነሳበትም።

ዛሬ እዚህ ከተማ ስለ ንጹሕ ዘሩ የሚደነፋ ሰው ስሰማ፣ ያ መንጋጋው ያጠረ ግልገል ትዝ ይለኛል። እናገራለሁም፤ ስለዚህ ብዙ ወዳጅ የለኝም።

ለዘንድሮው አረፋ በግ ልገዛ ሮቤ ገበያ ወጣሁ። ካሉት ሁሉ የበረታው ነጭ፣ ጆሮው ላይ ጥቁር ጠብታ ያለበት ነበር። ጀርባውን ዳሰስኩት፣ ከንፈሩን ገልጬ ጥርሱን አየሁ። መንጋጋው ልክክ ብሎ ገጥሟል። ለቅቄው ወደ ሌላው አለፍኩ።

«አባባ፣ ምን ጎደለው?» አለኝ ሻጩ ተከፍቶ።

«ምንም አልጎደለውም፤ ለአውራነት ይቅር» አልኩት።