ጫማ የማታወልቀዋ

ሥራዋ የካርቱን ሕፃናትን በእኛ ቋንቋ ማናገር ነው። ዕድሜዋ አርባን ዘሏል፤ ድምፅዋ ግን ከሰባት ዓመት ፈቅ አላለም። ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም «ሚጢጢ» ይሏታል። ስልክ ደውለው «ማሚቱ፣ እስኪ እናትሽን አቅርቢልን» የሚሏት ሰዎችም አሉ፤ ስቃ ታልፋቸዋለች።

ስቱዲዮው አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ማይክራፎን የማይሰማው ኮሽታ የለምና መቅጃ ክፍሉ በጫማ አይገባም። ከነጫማዋ የምትገባው ሚጢጢ ብቻ ናት፤ ገብታም ተተክላ ትቆማለች። ድምፅ ቀጂው መጀመሪያ ሰሞን ተጨቃጭቆ ተጨቃጭቆ ሲታክተው ተዋት።

ነገሩ የልጅነት ነው። እናቷ ከአክስቷ ቤት በር አደረሰቻትና «ጫማሽን እንዳታወልቂ፣ አሁን መጣሁ» ብላ ሄደች። በዚያው ቀረች። አክስቷ ማታ ማታ «ነይ እግርሽን ታጠቢና ተኚ» ስትላት፣ «እማዬ ስትመጣ በባዶ እግሬ ልታገኘኝ ነው?» እያለች ከነጫማዋ ተኛች። ጫማው ሲጠባት አክስቷ እያለቀሰች በመቀስ ቆርጣ አወጣችላት። አዲስ ሲገዛላት እሱንም አላወልቅም አለች። ዛሬም ቤቷ ውስጥ ጫማዋን የምታወልቀው መብራት አጥፍታ ነው፤ ያንኑም አፍንጫውን ወደ በሩ አዙራ ታስቀምጠዋለች። ብቻዋን የምትኖረውም ለዚሁ ነው። ይሄን ደግሞ ለማን ብላ ታስረዳ?

ዘንድሮ የደረሳት አኒሜ የሚሉት የጃፓን ካርቱን ነው። አንዲት እናት ልጇን ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ትታት ትሄዳለች። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣትም፤ ከወንበሩም አትጠፋም። አንድ ሽማግሌ ዳቦ ጋጋሪ ምንም ሳይጠይቃት በየቀኑ መጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል። ሚጢጢ ወሩን ሙሉ የቀዳችው ትንፋሽና ሳግ ብቻ ነበር። «መተንፈስም ሥራ ሆኖ!» እያሉ ባልደረቦቿ ቀለዱባት። እሷ ግን የመጨረሻውን ክፍል በጉጉት ትጠብቅ ነበር። እናትየው ትመጣለች ብላ እርግጠኛ ነበረች።

የመጨረሻው ክፍል ሲደርስ እናትየው የለችም። ልጅቷ ከወንበሩ ተነስታ ጋጋሪውን «ቤታችን እንሂድ» ትለዋለች፣ በቃ።

«እናቷ ሳትመጣ ለምን ትነሳለች?» ብላ ሚጢጢ ቀረጻውን በሚመራው አዘጋጅ ላይ ጮኸች።

«ሰውየው እየጠበቃት ነዋ» አላት።

ቀረጻው ተጀመረ። ልጅቷ ብድግ ስትል የሚጢጢም እግር ሳታውቀው ይነሳና ጫማዋ ሲጥ ይላል። ደገሙት፤ ሲጥ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ቤታችን» ብላ ድምፅዋ ይቋረጣል። አዘጋጁ ሰዓቱን አየና «ካልሆነ ነገ ሌላ ሰው እንሞክራለን» አለ። ሚጢጢ ደነገጠች። ያቺን ልጅ ለባዳ ሰጥታ ልትሄድ ነው፤ እሷም በተራዋ ወንበር ላይ ልትተዋት።

«ሚጢጢዬ፣» አላት ቀጂው በለሆሳስ፣ «ዛሬን ብቻ አውልቂው።»

ቁጭ ብላ ማሰሪያውን ፈታች፤ ጫማዋንም አንድ በአንድ አወለቀች። ወለሉ ይቀዘቅዛል። ተነሳችና «ቤታችን እንሂድ» አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ነበር። ቀጂው መቅጃውን ማጥፋት ረሳ።

አመሻሽ ላይ ቤቷ ገባች፤ መብራቱን አበራች፤ ጫማዋን አውልቃ አልጋዋ ሥር ገፋ አደረገችውና አክስቷ ጋ ደወለች።

«ወዬ! ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«አክስቴ፣ ጫማዬን አወለቅኩ።»

 

«እሰይ የኔ ልጅ፣» አለች አክስቷ እያለቀሰች። «በይ አሁን እግርሽን ታጠቢና ተኚ።»