ቡፌ ውስጥ የተቆለፈው ራውተር

አስካለማርያም ከቤት የምትወጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። በቀሩት ቀናት አቃቂ፣ የድሮ የባቡር ሠራተኞች ከኖሩባቸው የድንጋይ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ከአባቷ ጋር ናት። አቶ አሻግሬ ዕድሜያቸውን በባቡር መካኒክነት ጨርሰው ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን ያዘው። ከዚያ ወዲህ አልጋቸው ሳሎን ነው። እናቷ ቀድመው አርፈዋል፤ ስለዚህ የምታጎርሰውም፣ የምታገላብጠውም፣ ሲጠሩ «አቤት» የምትለውም እሷ ነች።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ጎረቤታቸው እትዬ መሰለች የሚሠሩትን ሹራብ ይዘው ይመጡና አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። እሷ ታክሲ ተሳፍራ ሳሪስ፣ ሀይረዲን ሱቅ ትሄዳለች። ሀይረዲን ከፊት ስልክና የኮምፒዩተር ዕቃ ይሸጣል፤ ከመጋረጃው ኋላ በሰዓት የሚከራዩ አራት ኮምፒዩተሮች አሉት። በአንዱ ላይ ከኢንተርኔት ቪዲዮ እያየች የግራፊክስ ዲዛይን ትማራለች። ትምህርቱ እውነት ነው፤ የሚፈጀው ግን አንድ ሰዓት ነው። በቀረው ጊዜ የማትገዛውን ጫማ ትለካለች፣ ማንም በስሟ በማይጠራት ካፌ ጥግ ይዛ ማኪያቶዋ እስኪቀዘቅዝ ትቀመጣለች። ይህን ለማንም አልነገረችም። ቤት ስትገባ እንዳትጠየቅ ቀድማ ታማርራለች፤ «ኔትወርኩ ሲጎተት ዋለ። ቤት ኢንተርኔት ቢኖር እኮ ይሄ ሁሉ እንግልት ባልኖረ።»

ያሰራት ይኸው ማማረሯ ነው። ኮዬ ፈጬ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ዘአማኑኤል አንድ እሑድ አሮጌ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ መጣ።

«በቃ አስኩ፣ ተገላገልሽ። ቤት ዋይፋይ እናስገባለን። ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር አለ፤ መስመር መዘርጋት አያስፈልገውም። የቱ እንደሚሻል አንቺ ታውቂያለሽ፤ ማክሰኞ መርጠሽ ነይ። እትዬ መሰለችም ከእንግዲህ ይረፉ።»

«እኔ ምን ደከመኝ ልጄ» አሉ ቡና ሊጠጡ መጥተው የነበሩት እትዬ መሰለች።

«አይ እትዬ፣ እኛስ ይሉኝታ የለንም?»

አስካለማርያም ምን ትበል? አልፈልግም ብትል ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትይ ነበር ሊላት ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ማክሰኞ ሀይረዲን ከመደርደሪያው ላይ ካርቶኖች እያወረደ ጠየቃት።

«ቤቱ ብሎኬት ነው?»

«ድንጋይ። የድሮ የባቡር ቤት።»

«እሱ እንኳን ኔትወርክ መድፍም አያሳልፍ። እንግዲያው ይሄን ውሰጂ።» ሁለት አንቴና ያቆመ ጥቁር ራውተር ፊቷ አስቀመጠ። «ሁለት ግድግዳ ይበሳል።»

«ከእሱ የሚያንስስ?»

አንቴና የሌላት ትንሽ ነጭ ሣጥን አወጣ። «ይቺ አንድ ክፍል ለተከራየ ሰው ናት። ከበር አትወጣም።»

«እሷን ስጠኝ።»

ሀይረዲን ቀና ብሎ አያት። «ሰው ሁሉ ጠንካራ አምጣ እያለ ያዞረኛል፣ አንቺ ደካማ ታማርጫለሽ? ባል ልትመርጪ ስትሄጂ አማክሪኝ።»

ሳቀች። እሱም ካርቶኗን እየሰጣት፣ «ካልሆነችሽ እስከ ሌላ ማክሰኞ መልሻት፤ እቀይርልሻለሁ» አላት።

የእሷ ሐሳብ ቀላል ነበር። ኔትወርኩ ክፍሏ ካልደረሰ ዘአማኑኤል ተስፋ ይቆርጣል፣ ማክሰኞና ዓርብም ይመለሳሉ።

ቅዳሜ ወንድሟ መጥቶ ሲም ካርዱን ከተተና ሣጥኗን ኮሪደሩ መስኮት ላይ ሊያኖራት ሲል አቶ አሻግሬ ከአልጋቸው ተናገሩ።

«ቡፌው ውስጥ።»

በዚያ ቤት የተከበረ ዕቃ ሁሉ የሚገባው ቡፌው ውስጥ ነው። እናቷ አንድም ቀን ያልጠጡባቸው ብርጭቆዎች እዚያ ናቸው፤ አባቷ ጡረታ ሲወጡ የተሸለሙት ሰዓትም እዚያው ነው።

«ይታፈናል እኮ አባባ» አለ ዘአማኑኤል።

«እናታችሁ ሬዲዮኑንም እዚያ ነው ያኖረችው። የገመዱ ቀዳዳ እስካሁን አለ።»

የአባት ቃል ነውና ሣጥኗ ብርጭቆዎቹ መሀል ገባች፣ ዳንቴል ለበሰች፣ መስታወቱ ተቆለፈ። ቁልፉ አቶ አሻግሬ ትራስ ሥር ገባ። ዘአማኑኤል ስልኩን ይዞ ቤቱን ዞረ። ሳሎን ይሠራል። ማድ ቤት ይቆራረጣል። እሷ ክፍል ጭራሽ የለም። አስካለማርያም ልቧ ዘለለ፤ ፊቷን ግን አኮማተረች።

«እንግዲህ ካልደረሰ ምን ይደረጋል» አለች።

«ለምን ክፍሏ ትሄዳለች?» አሉ አባቷ። «ወንበሩን እዚህ፣ ጎኔ አምጣላት።»

ዘአማኑኤል ወንበሩን አመጣ።

እሑድና ሰኞ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ተማረች። አቶ አሻግሬ ስክሪኑን አብረው ያያሉ። «ይሄ ሰውዬ አማርኛ አይችልም?» ይላሉ። «ያንን ቀይ ለምን አጠፋው? ያምር ነበር።» ስትነሣ «ወዴት?» ይላሉ። ሰኞ ከሰዓት ሣጥኗ ግላ መብራቷ ጠፋ።

«ታፍኖ ነው አባባ። ዳንቴሉን እናንሣው፣ መስኮት ላይ ይሁን።»

አቶ አሻግሬ ፊታቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ።

«አውቃለሁ» አሉ። «የታፈነ ሞተር እንደሚግል አርባ ዓመት ያየሁት ነው። መስኮት ላይ ካደረግሽው ክፍልሽ ገብተሽ በር ትዘጊያለሽ። ማክሰኞና ዓርብ እኮ መሰለችን አልነበረም የማየው። በሩን ነበር።»

አልተቆጣችም፤ መቆጣት ብትችል ይቀላት ነበር። እሷ ለማምለጥ ደካማውን መረጠች፣ እሳቸው እሷን ለማቆየት ቡፌ ውስጥ አስገቡት፤ ሁለቱ ተንኮሎች ተገናኝተው ከአልጋው እስከ ወንበሩ ብቻ የሚደርስ ኢንተርኔት ሠሩ።

«መቀየር አለበት» አለች። «ነገ እትዬ መሰለች ይቀመጡ። ነገ ብቻ።»

ደህናው እጃቸው ትራሱ ሥር ብዙ ቆየ። ከዚያ ቁልፉን አወጡና ሳያዩዋት መዳፏ ላይ ጣሉት።

በማግስቱ ሀይረዲን ነጯን ሣጥን ሲያይ፣ «አላልኩሽም?» አላት።

«ጠንካራውን ስጠኝ። ሁለት ግድግዳ የሚበሳውን።»

ከቤት መውጣት ከቀረ፣ ቢያንስ የምትዘጋው በር ይኑራት።

«ሞክሬ ልስጥሽ፤ አምስት ደቂቃ ነው» አለና ገመዱን ሰካ።

አስካለማርያም ሱቁ ደጃፍ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ማዶ አንድ ረዳት «አቃቂ፣ አቃቂ፣ ሁለት ሰው» እያለ ይጣራል። ታክሲው ሞልቶ ሄደ፣ ሌላ መጣ።

«ቀስ ብለህ ሞክረው» አለችው ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ። «ዛሬ አልቸኩልም።»