ድምፁን እንዳትነካው ብዬው ነበር

ልጅ እያለሁ በሰፈራችን የቪዲዮ ዴክ የነበረው ጋሽ ሸምሱ ቤት ብቻ ነበር። ሆሳዕና ገበያ አጠገብ ሱቅ ነበራቸው፤ ዴኩም ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ የላምባና የሳሙና ሽታ መካከል፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። እሁድ ከቸርች መልስ ካሴት ልናይ ስንሄድ መጀመሪያ እግራችንን ያስታጥቡናል። አቧራ ለዴክ ጠላት ነው ይላሉ። ከዚያ ጥጥ በአልኮል ነክረው የዴኩን ሆድ ይጠርጋሉ። ቅጂ ካሴት ገና ሲጀምር ያውቁታል፤ «የቅጂ ቅጂ ነው፣ ዓይናችሁን አታድክሙ» ብለው ያወጡታል።

የታላቅ እህቴ ሠርግ ካሴት የታየውም እዚያ ነው። ካሜራማኑ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ፀሐይ በሌለበት መነጽር የሚያደርግ ሰው ነበር። መኪናውን ከጎማ እስከ ጣሪያ ቀርጾታል። ሀዲይኛ ስለማይሰማ አባቴ ሊመርቅ ሲቆም የኬኩን አበባ ያነሳል።

«ይሄ ሰውዬ የተጠራው ሙሽራዋን ሊያነሳ ነው ኬኩን?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

እናቴ «ዝም በሉ፣ ይሰማ» አለች።

ካሜራማኑ ዘግይቶ ወደ አባቴ ዞረ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ግንባሩን ቆርጦታል፤ ከታች ነጭ መስመር ይሮጣል። ድምፁ ግን ሳይጎድል ገብቷል። «የምትገቢበት በር አይጥበብሽ፤ የወጣሽበት በር አይዘጋብሽ» ሲል ክፍሉ ሙሉ አሜን አለ። ገበያ ላይ ሀዲይኛ የለመዱት ጋሽ ሸምሱም አሜን አሉ። ያንን ካሴት ደጋግመን ከማየታችን የተነሳ ምርቃቱን ልጆቹ ሁሉ በቃላችን ያዝነው።

አባቴ ካረፈ ቆየ። ዘንድሮ ልጄ ለዱራሜ ሰው ልትዳር ነው፤ አያቷን አታውቀውም። ከመሄዷ በፊት ምርቃቱን በራሱ ድምፅ እንድትሰማ ፈለግሁ። ካሴቱን በላስቲክና በነጠላ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ያኖርኩት ለዚህ ይመስለኛል። ባጃጅ ውስጥ እንዳይወድቅ እንደ ሕፃን ታቅፌው ካሴት ወደ ፍላሽ ወደሚገለብጡበት ስቱዲዮ ወሰድኩት። እዚያ የሚሠራውን ጎረምሳ ድምፁን እንዳትነካው አልኩት። ወጥቼም ተመልሼ ነገርኩት።

«ማዘር፣ አታስቢ። ኤችዲ አድርጌ ነው የምሰጥሽ» አለኝ።

ሰጠኝ። ምስሉን ሰፊውን ቴሌቪዥን እንዲሞላ ስለለጠጠው ዘመዶቼ ሁሉ ወፍረዋል፤ ቀጭኗ እህቴ ጆንያ መስላለች። ቀይ ልብ እየበረረ ያልፋል። የአባቴን የፊት መጨማደድ አለስልሶ ሰም አስመስሎታል። ኬኩ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬ የተጋገረ ይመስላል። አባቴ ሊመርቅ ሲነሳ ኪቦርድ ጀመረ። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ዘፈን ነው።

ተመልሼ ሄድኩ። «እዛ ጋ ጫጫታ ነበር፣ አጸዳሁልሽ» አለ።

«ካሴቱስ?»

«ጣልነው። አሁን ማን በካሴት ያያል ማዘር?»

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ኤችዲ ምን እንደሆነም አላውቅም። ምርቃት ለእሱ ጫጫታ ከሆነ ግን እንዲህ ላለው ሰው ምን ይባላል? የያኔው ባለመነጽር እንኳ፣ ባይገባውም፣ አልደመሰሰውም ነበር። ጋሽ ሸምሱ ቢኖሩ ይሄንን ፍላሽ ገና ሲጀምር ነቅለው ያወጡት ነበር።

ቤት ገብቼ ልጄን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥኳት። የኪቦርዱን ድምፅ አጠፋሁት። አባቴ ሲነሳ አጠገቡ ቆምኩና አፉን እያየሁ ምርቃቱን በሀዲይኛ ማለት ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ቀደምሽው» አለችኝ።

ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰችልኝ። ቀስ ብዬ፣ እሱን እየጠበቅሁ፣ እንደገና ጀመርኩ። በሩ እንዳይዘጋባት ስንል አፋችን እኩል ገጠመ፤ እሷም አሜን አለች።